የታችኛው መሳቢያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የታችኛው መሳቢያ ዛሬ ሆዱን ዘረገፈ። እማዬ ነጠላ ላውጣ ብላ ስትስበው ግንባሩ፣ የፊቱ ሳንቃ፣ እጇ ላይ ቀረ፤ ወለሉ ከነዕቃው መሬት ላይ ዱብ አለ። ግንባሩን እንደ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። "እሜቴ፣ ለምሳ ምን ልታቀርቢልን ነው?" አልኋት። አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቢያንስ ትሰድበኝ ነበር።

ነቀዝ ነው። ይህን ኮመዲኖ አባዬ ራሱ ነው የሠራው፣ እማዬን ያገባ ጊዜ። ጎኑና አናቱ ዋንዛ ስለሆነ እስከ ዛሬ እንደ በሬ ቆሟል። ሦስቱ መሳቢያዎች ግን ከተገኘው እንጨት ነው የተሠሩት፤ ነቀዙም መርጦ እነሱን በላ። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርጋቸው እንደ በሶ ይበናሉ።

መሬት ላይ የወደቀው ዕቃ፦ የእማዬ የጥምቀት ቀሚስ። የአባዬ ጉርድ ፎቶ። የእህቴ የትርንጎ የሕፃንነት ካልሲ፣ አንድ እግር ብቻ። ሰው ሰረቀኝ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ስሰድብ የከረምሁበት የጆሮ ማዳመጫዬ። እና በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ጋቢ።

"ይሄን የመሰለ ሸጋ ጋቢ ደብቀሽ እኔ በብርድ ልሙት?" ብዬ ላስቲኩን መፍታት ስጀምር እጄን መታ አደረገችኝ።

"አትንኪው! የመገነዣዬ ነው።"

እንዲህ ብላ ነው የተናገረችው። የገበያ ዘንቢሌ ነው እንደሚባለው።

ራሷ ፈትላ ነው ያሠራችው። ጥጡን መርጣ፣ በየመሃሉ እያረፈች፣ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ገላ ያልነካው፣ ውኃ ያላየው፣ ጠብታ ያላረፈበት መሆን አለበት አለችኝ። "እፈጣሪ ፊት በተለበሰ ጨርቅ ልቅረብ?" እኔ እዚያው ክፍል ስተኛ ኖሬ ከእግሬ ሥር እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንቅርቷ ነው። ወደ ውጭ ያበጠውን ሁላችንም ለምደነዋል፤ ወደ ውስጥ ያደገውን ግን ሐኪሟ ናት በምስል ያየችው። የአየር ቧንቧዋን እየተጫነ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ብላለች። አልጋ ሲገኝ ይደውላሉ። እማዬ ደግሞ ዕቃዋን ሳትሰድር ሆስፒታል አትገባም። "አንች ትሠሪዋለሽ፣ ያባትሽ መሣሪያ እንደሆነ አለ" አለች። እኔ ጠጉር ሠሪ ነኝ! ሹሩባ መጎንጎንና መሳቢያ መሥራት ለእሷ አንድ ነው። ሁለቱም በጣት ነው አለች።

እሺ። ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠች አናጢ ቁስቋም ሰፈር ውስጥ ተገኘች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

እንጨቱን አያ ታከለ ሰጡኝ። የአባዬ የሥራ ባልንጀራ ናቸው፣ የእኛና የእሳቸው ግቢ ባንድ አጥር ነው የሚለየው። ከፈረሰ አልጋ የተረፈ የጽድ ሳንቃ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ጽድ ነቀዝ አይደፍረውም አሉ። "ያባትሽን እጅ ያውርስሽ" ብለው መረቁኝ። ከዚያ መጋዝ እንዴት እንደያዝሁ ቆመው አዩና "ኧረ እግሩንም ቢሆን!" አሉ።

ለዚህ ዋጋ ከፍለዋል። ስልካቸውን የላይኛው መሳቢያ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ከጓሮ ደወልሁላቸው። ኮመዲኖው መዝሙር ሲዘምር አንዴ አማተቡ። እኔን ሲያዩ ደግሞ በጫማቸው አባረሩኝ። እማዬ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሳል ተለወጠባትና እኔም አያ ታከለም ቀጥ ብለን ቆምን።

የመጀመሪያው መሳቢያ አለቀ። አልገባም። የጉድጓዱን ስፋት በሜትር ለክቼ ለሳጥኑ ውስጡን ያንኑ ያህል ሰጠሁት። የሳንቃው ውፍረት የት ይገባል? እሱን ማን ያስባል! ሳጥኑ ከቤቱ የበለጠ ሆነ። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየችውና "ለዶሮ ቆጥ ይሆናል" አለች።

ስትተኛ ጋደም ማለት ትታለች። ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ነው የምታንቀላፋው። ትንፋሿ ያፏጫል። ሌላ ሰው ቢሆን ዜማ አወጣለት ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

መድኃኔዓለም ነው፤ ዓመታዊው። መጋዝ አይነካም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ እኔና ኮመዲኖው ተፋጠጥን። ሦስት ባዶ ጉድጓድ። ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስሏል።

ጋቢው ለጊዜው ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ላናግረው ምንም አልቀረኝም።

አባዬን አሰብሁ። የሞተ ዓመት ያላስተካከለው ነገር አልነበረም። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባ። የጣሪያውን ቀዳዳ ደፈነ። የትርንጎን ሳጥን ቁልፍ ቀየረ። "በሉ፣ ቤቱ ከእንግዲህ ምንም አይጎድለው" ብሎ መዶሻውን ሰቀለ። ሳምንት ሳይሞላ ሳንባው ወሰደው። ትንሽ ልጅ ነበርሁ ግን ልብ ብያለሁ። ሞት የተሰናዳ ቤት ይወዳል።

ስለዚህ ወሰንሁ። የታችኛውን መሳቢያ አልጨርሰውም። መገነዣው ማረፊያ ካጣ ሞትም ማረፊያ ያጣል። ጅልነት መሆኑን አውቃለሁ። ጅልነት ደግሞ ሙያዬ ነው፤ ከአናጢነት ይልቅ የሠለጠንሁበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

"ምነው መጋዙን አልያዝሽም?" አለች እማዬ።

"ዛሬ አማኑኤል ነው።"

"አንች ከመቼ ወዲህ ነው አማኑኤልን የምታከብሪ?"

"ልብ ከገዛሁ ወዲህ።"

"ባለፈው አማኑኤል ብርድ ልብስ ስትረግጪ አልነበረም እንዴ?"

"ያኔ አልገዛሁም ነበር።"

ምን ትበለኝ? የሃይማኖት ነገር ነው። ትክ ብላ አየችኝና ጭራዋን... አይ፣ መቁጠሪያዋን አንስታ ወጣች። የማርያም ያለህ፣ ስዋሽ እጄ ራሱ ይስታል።

አርብ፣ ጥቅምት 29

ባለወልድ። ከፍ ያለ በዓል ነው። አልሠራሁም። የሁለት ልጆች ጠጉር ጎንጉኛለሁ፤ ጠጉር ሥራ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

እስካሁን ያከበርኋቸው፦ መድኃኔዓለም (ይሄኛው በእውነት ነው)፣ አማኑኤል፣ ባለወልድ፣ ዛሬ ደግሞ ማርቆስ። ወር ሠላሳ ቀን፣ ለእያንዳንዱ ቀን ታቦት። አባቶቻችን አስበውበታል። ለሰነፍ እንዲህ የሚመች አገር የለም።

አያ ታከለ ባጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "ፈንታነሽ፣ መነኮስሽ አሉ። ቆቡ መቼ ነው?"

"አያ ታከለ፣ እርስዎም ቢያከብሩ ወገብዎ ይሻለዎት ነበር።"

"እኔስ ማርቆስን የሚያከብር ሰው አይቼ አላውቅም፣ ደብረ ማርቆስ ካሉት በቀር።"

የእማዬን ሳቅ ከቤት ውስጥ ሰማሁት። አጭር ነው። እንደ ድሮው ሳቋ አይዘልቅም። የጽጌን ጾም ይዛለች፤ ሐኪሟ ብዪ ብትላትም እስከ ቁስቋም በዓል አልፈታም ብላለች። ከሳለች። እንቅርቷ ብቻ አልከሳም።

ሆስፒታሉ ደወለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "ወረፋ አልደረሰም" አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ልደታና እሑድ አብረው ስለዋሉ ትናንት ተገላገልሁ። ዛሬ ግን "ታዴዎስ ነው" ስል "ታዴዎስ ራሱ ሥራ ይወድ ነበር" ብላ መጋዙን እጄ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በርጩማ አምጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዓይኗ እያየኝ ምን ላድርግ? ሠራሁ።

የላይኛውን አስተካከልሁት፤ ገባ። መካከለኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ገባ! ወለላቸው ኮምፔንሳቶ ነው፣ በሚስማርም በኮላም ያዝሁት። ስስበው ይመጣል፣ ስገፋው ይሄዳል። ሰው ሆንሁ እኮ። ሃያ ጊዜ ሳብሁ ገፋሁ መሰለኝ፤ እማዬ "ልታደክሚው ነው" አለችኝ።

የታችኛው ላይ ስደርስ እጄን "ሳት" አደረግሁት። የግንባሩን ሳንቃ አሳጥሬ ቆረጥሁ፣ ደህና አድርጌ።

"ምነው አጠረ?"

"መጋዙ በላው።"

ሌላ ሳንቃ አነሳሁ። እሱንም አሳጠርሁት። እማዬ የተበላሹትን ሳንቃዎች ሰብስባ ምድጃ ሥር ከተተቻቸው። ለመነሳት ኮመዲኖውን ተደግፋ ነው፤ ከተነሳች በኋላም ትንሽ ቆማ አየር ፈለገች፣ አፏን ከፍታ።

ጽዱ ሲነድ ግቢው ሁሉ ሸተተ። ሽታው ሸጋ ነበር፤ እኔ ግን ወጥቼ ደጅ ቆምሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ትርንጎ ከአዘዞ ደወለች። እህቴ ስትደውል ሰላም አትልም፣ ጩኸቷን ነው የምታስቀድም።

"አንች ምን እየሠራሽ ነው እዚያ ቤት?"

"መሳቢያ።"

"እሱን መሳቢያ ነው የምልሽ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ባለፈው አርብ ለእማዬ ደውሏል። ሰኞ ግቢ፣ አልጋ አለ ብለዋታል። እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ዕቃዬን አልሰደርሁም፤ ለሌላ ሰው ስጡት።" ሐኪሟ ጨነቃት መሰል በእማዬ ስም ሥር የተመዘገበውን የትርንጎን ስልክ ፈልጋ ደውላለች። እናታችሁ መዘግየት የለባትም፤ አሁን ጉንፋን ቢይዛት፣ ቧንቧው ትንሽ ቢያብጥ፣ ትንፋሿ ሊዘጋ ይችላል ብላለች።

አርብ ባለወልድ ነበር። ያከበርሁት ባለወልድ።

ስልኩን ዘግቼ ኮመዲኖውን አየሁት። እኔ ሞትን አስታጎልሁ ብዬ ሐኪሟን ነው ያስታጎልሁት።

በዚህ ላይ ቀልድ ለመጻፍ ሞከርሁ። አልመጣም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ከጧት ጀምሮ እንጨት ፍለጋ። አያ ታከለ የነበራቸውን ሰጥተውኝ አሳጥሬ ጨርሼዋለሁ። ጣውላ ሻጮቹ ጋ ያለው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ዛሬ መሳቢያ ሆኖ ነገ ቀስት ይሆናል። ሌላው ሱቁን ለነገው የቁስቋም በዓል ቀድሞ ዘግቷል። አንዱ "እህት፣ ከበዓሉ በኋላ ነይ" አለኝ። በዓል የሚሉት ነገር እንዲህ የሚያናድድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከቀትር በኋላ የእማዬ ስልክ ጮኸ። ቀድሜ አነሳሁት። አንድ ሰው ወረፋውን ስለተወ ቅዳሜ ጧት ትግባ አሉ። "ትመጣለች!" ብዬ ጮህሁ። እማዬ ግን እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለችኝና በቀስታ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብላ ዘጋችው።

"ሂጂ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" አልኋት።

"አንች የጀመርሽውን ስትጨርሺ አይቼ አላውቅም። በእጄ ሰድሬው ነው የምሄድ። ነገ ቁስቋም ነው፣ መጋዝ አይነካም። ለሚቀጥለው ይሁን።"

ያኔ አፈረጥሁት። ማርቆስንም፣ መጋዝ በላውንም፣ አባዬ መዶሻውን የሰቀለ ዕለት ልብ ያልሁትንም። ሞት የተሰናዳ ቤት ይወዳል ብዬ ነው አልኋት። አፍንጫዬ ሁሉ ፈሰሰ። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር።

በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ። ከዚያ "አባትሽን የገደለው ሳንባው ነው" አለች። "ቁልፍ ስለጠገነ የሚሞት ሰው ቢሆን ኖሮ ያገር አናጢ ባለቀ ነበር።"

እኔ ሳቅሁ፣ እያለቀስሁ።

"አንች ያላየሽው ሌላ ነው" አለች። "የበሩን ማጠፊያ ቀባ፣ ጣሪያውን ደፈነ። ለራሱ ግን አንድ ክንድ ጨርቅ አላስቀመጠም። ሬሳው ተኝቶ እኔ ከቤት ቤት ዞርሁ። ባሌን በሰው ጋቢ ነው የቀበርሁት፣ ፈንታ። ያውም የተለበሰ። ስሰድር የኖርሁት ለመሞት መሰለሽ? እናንተ እንዳትዞሩ ነው።"

የማን ጋቢ እንደነበረ አልጠየቅሁም። ባጥሩ ማዶ አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። የማን እንደነበረ ገመትሁ።

አርብ፣ ኅዳር 6፣ ቁስቋም

እማዬ ከጎህ በፊት ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ዳገቱን እያረፈች። ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ከየገጠሩ የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ዛሬ መጋዝ የሚያነሳ ሰው ካለ ወይ ጴንጤ ነው ወይ እብድ ነው ይባላል።

እንጨት እንደሌለ አውቃለሁ። ከዚያ የራሴን አልጋ አየሁት። ራስጌው ሰፊ የጽድ ሳንቃ ነው፣ ደረቅ፣ አባዬ የሠራው። ፈታሁት። የዛሬውን የምጽፈው አልጋ በሌለው አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው ማለት ነው፣ ፍራሼ መሬት ነው።

እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ ሳንቃው በርጩማው ላይ፣ እኔ መጋዝ ይዤ፣ አንዴም ሳልቆርጥ ቆሜ አገኘችኝ። ከጧት ጀምሮ እንደዚያው ነበርሁ። በታቦቱ ሳላግጥ ኖሬ አይደለም፤ ግን ዛሬ ፈራሁ። እማዬን ሆስፒታል ልሰዳት ነው፣ ማርያምን አስቀይሜ ልሰዳት?

ሳንቃውን አየች። አልጋዬን አየች። ከዚያ በሩን ገጠም አደረገች፣ የበዓል ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መጣችና ሳንቃው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እማዬ?"

"እንዳይነቃነቅብሽ ነው። ያባትሽንም እንዲህ እይዝለት ነበር።"

"ዛሬ እኮ ቁስቋም ነው።"

"እሷም ልጇን ይዛ በስደት የከረመች እናት ናት። ይገባታል። ቁረጪ።"

ቆረጥሁ። መጋዙ በሰው ፊት እንደሚያንኮራፋ ሰው ኸርርር ብሎ ግቢውን ሞላው። እማዬ ሳንቃው ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ነጠላዋ ላይ ብናኝ እየወረደባት።

ብዙም ሳይቆይ ባጥሩ ላይ የአያ ታከለ ጥምጣም ታየ። "ኧረ ጉድ! ኧረ በቁስቋም! ፈንታነሽ፣ ሰሞኑን ማርቆስን ስታከብሪ አልነበረም?"

እማዬ መለሰች፣ እያፏጨች፦ "እኔ ነኝ ያዘዝኋት፣ አያ ታከለ። ነገ ሆስፒታል ግቢ ተብያለሁ። ንስሐውን የምቀበል እኔ ነኝ።"

ጥምጣሙ ጠፋ። ሄዱ፣ ሰፈሩን ይዘው ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቆይተው ራዲዮናቸውን ይዘው መጡና በራችን ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። መዝሙሩን እስከ መጨረሻ ለቀቁት። እኔ ስቆርጥ ከፍ ያደርጉታል፣ ሳቆም ዝቅ ያደርጉታል። አንዲት መንገደኛ "ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው አባቴ?" ስትላቸው ሰማሁ። "ራዲዮው ነው ልጄ፣ አርጅቶ ያንኮራፋል" አሏት። በበዓል ቀን የዋሹ ሽማግሌ! ዕድሜ ልኬን አልለቃቸውም።

ግንባር፣ ሁለት ጎን፣ ጀርባ። ውፍረቱን አስቤ። ወለሉን መታሁ። ገባ፤ ግን መሃል ላይ ያዝ አደረገ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣቻትን የጧፍ ቁራጭ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። ሰሙን ጠርዙ ላይ አሻሸሁት። ከዚያ እንደ ቅቤ ሄደ።

ጾሟን ፈታች። ጥቂት ቀመሰች። ከዚያ አንድ በአንድ ሰደረች፣ ከታች ጋቢውን፣ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ። ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። "ያባትሽ እንዲህ አይሄድም ነበር" አለች። ይህንን ጻፍ አድርጌዋለሁ፤ ነገ አላልሁም እንዳትል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ገባች። አልጋዋ መስኮት አጠገብ ነው። ጎኗ ያሉት ሴት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ ናቸው፣ እሳቸውም እንቅርት። ሁለቱ ተያይተው አንገት ለአንገት ሲመዛዘኑ "የኔ ይበልጣል" ሊባባሉ ምንም አልቀራቸው። እኔ "ዳኛ ልሁናችሁ" አልሁ። ሴትዮዋ ሳቁ። እማዬ "ይቺን ልጅ አይስሟት፣ አናጢ ናት" አለቻቸው።

አናጢ ናት!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጧት ወሰዷት። ትርንጎ መጽሐፈ ጸሎት ትገልጣለች፣ እኔ ኪሴ ውስጥ የአልጋዬን ፍቅፋቂ አገኘሁ፤ እሱን ሳሽ ዋልሁ። ማንም ላይ አልቀለድሁም። ጥበቃው ሳይቀር "ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?" አለኝ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ነው የሚያውቀኝ።

መሳቢያው ስላለቀ ነው የምትሞተው የሚለው ነገር አሁንም ከራሴ አልወጣም። ሄደህ ወለሉን ንቀለው ይለኛል አንዱ ሐሳብ። ሂጂ ማለቱ ነው፤ እሱም ጨንቆት ተሳሳተ።

ወጣች። አንገቷ ታስሯል። ትተነፍሳለች። አያፏጭም! ትርንጎና እኔ ቆመን ያንን ዝምታ ሰማነው። ሐኪሟ ደህና ሄዷል አለች፤ ግን የወጣው ሥጋ ለምርመራ ተልኳል፣ ክፉ ነገር እንዳለውና እንደሌለው ውጤቱ ሲመጣ ነው የሚታወቅ። እስከዚያ ጠብቁ።

መጠበቅ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ድምጿ ገና ሹክሹክታ ነው። ጧት ስገባ ተኮራምታለች። መንገዱ ሁሉ ቆሻሻ እየነደደ ጭስ ስለሆነ መስኮቱን ዘግተውታል፤ ያም ሆኖ የኅዳር ብርድ ነው፣ የሆስፒታሉ ብርድ ልብስ ደግሞ ስስ ነው።

"ጋቢ አምጪልኝ" አለች።

"የትኛውን? ያንች እኮ ልብስ አጣቢዋ ጋ ነው።"

ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበች። "የታችኛውን።"

"እማዬ፣ እሱ እኮ..."

"በረደኝ አልሁሽ። ሞት እንደሁ ይቆየኛል፣ ብርዱ አልቆይ አለኝ።"

ሮጥሁ። ጭሱን ሰንጥቄ ቤት ደረስሁ። የታችኛውን መሳቢያ ሳብሁት፤ አንዲትም ሳይዝ መጣ። ጋቢው ጽድ ጽድ ይላል። በላስቲክ የተጠቀለለውን አቅፌ ስወጣ አያ ታከለ ደጃቸው ላይ አዩኝ። ምን እንደሆነ አወቁ። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ዱላቸውን ጣሉ። "በርዷት ነው! በርዷት ነው!" ብዬ ጮህሁ። ግንቡን ይዘው ቁጭ አሉና እንዲህ ያለ ስድብ ሰደቡኝ፣ ከተወለድሁ ሰምቼ አላውቅም። በእውነት ይሄን ሆን ብዬ አላደረግሁም፤ ሳላስበው የሠራሁት ትልቁ ቀልዴ ነው።

ላስቲኩን ፈትቼ አለበስኋት። ዳሰሰችው። ሁለት ዓመት ፈትላ አንድም ቀን አልለበሰችውም። "ያሞቃል እኮ" አለች፣ እንደገረማት። የአምባ ጊዮርጊሷ ሴት "ምን ያለ ሸጋ ጋቢ ነው እህቴ፣ ማን ፈተለልሽ?" አሉ። እማዬ ቀና አለች።

ከዚያ ሾርባ መጣ። እኔ ነኝ በማንኪያ የማጎርሳት። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ሾርባው ጋቢው ላይ ፈሰሰ። ደረቱ ላይ። ቢጫ፣ ትልቅ፣ የድንች ቅጠል የሚያህል።

ትርንጎ "ውይ!" አለች። እማዬ ዝቅ ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ገላ ነክቶታል። ጠብታ አርፎበታል። መታጠብ አለበት። እንግዲህ መገነዣ አይሆንም። ሌላ ጥጥ መገዛት፣ መዳመጥ፣ መፈተል፣ ወደ ሸማኔ መሄድ አለበት። በእሷ እጅ ሁለት ዓመት።

"ይቺ ልጅ" አለች በሹክሹክታ፣ "ያለ ሥራ ልታስቀምጠኝ አትፈልግም።" አፏን ለሚቀጥለው ማንኪያ ከፈተች።

ውጤቱ አልመጣም። የታችኛው መሳቢያ ባዶውን ነው። ሾርባው እንዴት እንደፈሰሰ ትርንጎ ትጠይቀኛለች፤ ማንኪያው ጠማማ ነው ብያታለሁ።